የትንሽ ትምህርት ቤት የፈተና ውጤት ስለ ልጄ ምን ይነግረኛል?

እናት ከዊተን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምንኖረው በሜሪላንድ፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ዊተን አካባቢ ነው። ታላቋ ልጄ በሚመጣው የትምህርት ዘመን ሦስተኛ ክፍል ትገባለች፤ ኤምካፕ የሚባለውን የስቴቱን ፈተና መውሰድ የምትጀምረውም ያን ጊዜ ነው። የምትማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት በጣም ትንሽ ነው፤ በአንድ የክፍል ደረጃ ያሉት ልጆች ከ40 ብዙም አይበልጡም። መምህራኑ ልጄን በስሟ ያውቋታል፣ ጠዋት በር ላይ ቆመው ይቀበሏታል፣ እርሷም ትምህርት ቤቷን ትወዳለች። እስካለፈው ወር ድረስ ስለ ትምህርት ቤቱ ከዚህ በላይ አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ወር የባለቤቴ እህት ትምህርት ቤቶችን ከ1 እስከ 10 እያለ ደረጃ የሚሰጥ ድረ ገጽ ከፍታ አሳየችኝ፤ የእኛ 4 ተሰጥቶታል። ከዚያ የየትምህርት ቤቱን ውጤት የሚያሳየውን የስቴቱን ሪፖርት ካርድ ራሴ ገብቼ አነበብኩ፤ ካነበብኩት ወዲህም እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል። በሦስተኛ ክፍል ሒሳብ «ብቁ» የተባሉት ልጆች ካቻምና ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ አምና 35 በመቶ ብቻ ናቸው። «እንግሊዝኛ ተማሪዎች» በሚለው ረድፍ ያለው ቁጥር ከሁሉ ያነሰ ነው፤ በአንዳንድ ረድፎች ደግሞ ቁጥር የለም፣ ኮከብ ብቻ ተቀምጧል። ኢትዮጵያዊ የሚል ረድፍ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ልጄ የምትቆጠረው «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» በሚለው ውስጥ ነው። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምሳ በነፃ ወይም በቅናሽ ያገኛሉ።

የባለቤቴ እህት ሀብታም ሰፈር ወደ ሆኑት ወደ ቤተዝዳ ወይም ወደ ፖቶማክ በኩል ተከራይታችሁ ግቡ ትለናለች። ያንን ኪራይ ለመክፈል ግን ባለቤቴ ማታ ከልጆቹ ጋር የሚሆንበትን ሰዓትም ለሥራ መስጠት አለበት። ትምህርት ቤቱ በአንድ ዓመት እንዲህ ሊወድቅ ይችላል? በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ልጄን የሚመለከታት የትኛው ቁጥር ነው? አንድ የማፍርበትን ነገርም ልናገር፦ ስናስመዘግባት ኢሶል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጠው ልዩ ትምህርት) ከገባች ከትምህርቷ ወደ ኋላ ትቀራለች ስለተባልኩ፣ የቤት ቋንቋ በሚለው ቦታ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ ብዬ ሞልቻለሁ። እቤት የምንናገረው ግን አማርኛ ነው።

የቁጥር ሰው

እህቴ፣ ሥራዬ ቁጥር መተንተን ነው፤ ልጆቼም በዚሁ ካውንቲ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። ከ50 ወደ 35 በመቶ ወረደ ስላሉት ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እርሱ ይመስለኛልና።

ከ40 ልጆች መካከል እያንዳንዱ ልጅ 2.5 በመቶ ይመዝናል። ስለዚህ ካቻምና 20 ልጆች አልፈው ከነበረ አምና ያለፉት 14 ናቸው፤ በመካከል ያለው ልዩነት የስድስት ልጆች ነው ማለት ነው። ደግሞም አምና የተፈተኑት ካቻምና ከተፈተኑት ፈጽሞ የተለዩ ልጆች ናቸው፤ የካቻምናዎቹ አራተኛ ክፍል አልፈዋል። መምህራኑ፣ መጻሕፍቱና የማስተማሩ ጥራት ምንም ሳይለወጡ እንኳ፣ 40 ልጅ ያለው የክፍል ደረጃ ውጤት የትኞቹ ልጆች በዚያ ዓመት እንደ ገጠሙት ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም 8 ነጥብ ያህል ይዋዥቃል፤ ሁለት ዓመቶችን ስናነጻጽር የሁለቱም መዋዠቅ ስለሚገባበት የተለመደው ልዩነት 11 ነጥብ ገደማ ይደርሳል። የ15 ነጥብ ቅናሽ እንግዲህ «ምን ሆነ?» ብሎ ለመጠየቅ ይበቃል እንጂ ትምህርት ቤቱ ተበላሸ ብሎ ለመፍረድ አይበቃም። በየክፍል ደረጃው 400 ልጅ ያለው ትምህርት ቤት ቢሆን ኖሮ ይኸው ቅናሽ በእርግጥ ያስደነግጠኝ ነበር። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት የሦስት ዓመት ውጤት አንድ ላይ ማየት ነው፤ 120 ልጅ ሲደመር መዋዠቁ ወደ 4.5 ነጥብ ይወርዳል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ቶማስ ኬን እና ዳግላስ ስታይገር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2002 ባሳተሙት ጥናት የኖርዝ ካሮላይናን ትምህርት ቤቶች መርምረው፣ በየዓመቱ እጅግ አሻሻሉ ተብለው ከሚመሰገኑትም እጅግ ወደቁ ተብለው ከሚወቀሱትም መካከል ትንንሾቹ እንደሚበዙ አሳይተዋል። ትንሽ ትምህርት ቤት በትንሽነቱ ብቻ ወደ ሁለቱም ጫፍ ይገፋል። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ኮከቡ ደግሞ በዚያ ቡድን የተፈተኑት ልጆች ከ10 በታች ሲሆኑ የልጆቹ ማንነት እንዳይታወቅ የሚደረግ ምልክት ነው፤ የተደበቀ ጥፋት የለበትም።

አሁን ድረ ገጹ ወደ ሰጠው 4 እንለፍ። እንዲህ ያለ ደረጃ በአብዛኛው ስንት ልጅ ከተወሰነው መስመር በላይ እንደ ሆነ ይቆጥራል። አንድ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ከመስመሩ በላይ መሆኑ የተወለደበትን ቤት፣ ከትምህርት በፊት የሰማውን ቋንቋ፣ የወላጆቹን ገቢና ዕውቀት ሁሉ የሚያጠቃልል ነው፤ ትምህርት ቤቱ በዚያ ላይ የጨመረው ምን እንደ ሆነ ግን አይለይም። የስታንፎርዱ ሾን ሪርደን ከአገሪቱ 11,000 ያህል የትምህርት ዲስትሪክቶች የተሰበሰበ ውጤት ሲመረምር፣ አማካይ ውጤት ከቤተሰብ ሀብት ጋር እጅግ የተቆራኘ ሆኖ ሳለ ልጆቹ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሳዩት ዕድገት ግን ከሀብት ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ሆኖ አግኝቶታል። ቺካጎን ብንወስድ፣ ልጆቹ ሲጀምሩ ከአገሪቱ አማካይ በታች ነበሩ፤ በአምስት የትምህርት ዓመት ውስጥ ግን የስድስት ዓመት ያህል ዕድገት አሳይተዋል። ስለዚህ በሪፖርት ካርዱ ላይ «ዕድገት» የሚለውን ክፍል ይፈልጉ። ሦስተኛ ክፍል የመጀመሪያው ፈተና ስለሆነ ዕድገት የሚለካው ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ የታላላቆቹን ልጆች ይመልከቱ።

የኢሶል መምህርት

ውድ እናት፣ በመጀመሪያ ሊያፍሩ አይገባም። ያንን ቅጽ እንዲያ የሞሉ ብዙ ወላጆች አውቃለሁ፤ ሁሉም ያደረጉት ለልጃቸው በጎ አስበው ነው። በዚህ ካውንቲ ለብዙ ዓመታት እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች አስተምሬአለሁና ስለዚያ ዝቅተኛ ረድፍ አንድ ነገር ላስረዳ።

«እንግሊዝኛ ተማሪ» የሚለው ቡድን እንደ ጾታ ወይም እንደ ትውልድ ቋሚ አይደለም። አንድ ልጅ በዚያ ቡድን ውስጥ የሚቆየው እንግሊዝኛው ገና ስላልበቃ ነው፤ በየዓመቱ በብርዱ ወራት በሚሰጠው፣ ዊዳ በሚባለው፣ ከ1 እስከ 6 በሚለካው የቋንቋ ፈተና የሚፈለገውን ነጥብ ሲያገኝ ከቡድኑ ይወጣል። ስለዚህ ከቡድኑ በየዓመቱ የሚወጡት የበረቱት ናቸው፣ በየዓመቱ የሚገቡት ደግሞ ትናንት ከአውሮፕላን የወረዱት ናቸው። መምህሩ የቱንም ያህል ቢደክም ረድፉ ከፍ ማለት ይከብደዋል፤ የተሳካላቸው ልጆች ከረድፉ ተነሥተዋልና። ይህን በመገንዘብ የ2015ቱ የፌዴራል ትምህርት ሕግ ከቡድኑ የወጡ ልጆች እስከ አራት ዓመት ድረስ በቡድኑ ውጤት ውስጥ ሊቆጠሩ እንደሚችሉ ፈቅዷል፤ ያም ሆኖ ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የልፋቱን ፍሬ ማየት ከፈለጉ በዚያው ሪፖርት ካርድ ላይ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቃት የታየው መሻሻል የሚለውን ለብቻው ይመልከቱ።

ሒሳብም ቢሆን ከቋንቋ ነፃ አይደለም። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ በመስከረም የመጣ ልጅ ነበረኝ፤ የማባዛት ሰንጠረዡን ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በላይ በቃሉ ያውቅ ነበር። አዲስ መጪ ልጅ ከንባቡ ፈተና ለአንድ ጊዜ ሊታለፍ ይችላል፣ ከሒሳቡ ግን አይታለፍም። በጸደይ ሒሳቡን ሲፈተን ጥያቄዎቹ ረጃጅም ታሪኮች ነበሩ፤ አጥር የሚያጥር ገበሬ፣ ኬክ የሚካፈሉ ልጆች፣ «መልስህን እንዴት እንዳገኘህ አስረዳ» የሚል ትእዛዝ። ልጁ ቁጥሮቹን ከጽሑፉ መካከል ለቅሞ ደመራቸው። በሪፖርት ካርዱ ላይ የተቆጠረው ብቁ ካልሆኑት ጋር ነው። በሁለተኛው ዓመት እንዴት ያለ ተማሪ እንደ ሆነ ባየሁ ጊዜ ያ የመጀመሪያ ዓመት ቁጥር ምን ያህል እንደ በደለው ተረዳሁ። በእርስዎ ትምህርት ቤት እንዲህ ያሉ አምስት ልጆች በአንድ ዓመት ቢገቡ፣ ከላይ ወንድማችን ያሰሉት የስድስት ልጅ ልዩነት ከሞላ ጎደል ይሸፈናል።

ስለ ቅጹ ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፦ አስተካክሉት። ኢሶል ቅጣት አይደለም፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1974 በላው እና ኒኮልስ ክርክር ከወሰነው ውሳኔ የመነጨ የልጁ መብት ነው። ወላጅ አገልግሎቱን ያለመቀበል መብትም አለው፤ ልጁ እስኪያልፍ ድረስ የቋንቋውን ፈተና መውሰዱ ግን ይቀጥላል። ልጅዎ እንግሊዝኛዋ ከበቃ የማጣሪያውን ፈተና አልፋ በዚያው ያበቃል። ካልበቃ ደግሞ እርዳታ ሳታገኝ ሦስተኛ ክፍል ገብታ፣ ማንም ምክንያቱን ሳያውቅላት ዝቅ ያለ ውጤት ታመጣለች። የነፃ ምሳውን ቅጽም እንዲሁ። ገቢው ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 130 በመቶ ያልበለጠ ቤተሰብ ምሳው ነፃ ነው፣ እስከ 185 በመቶ ያለው በቅናሽ ምድብ ይቆጠራል፤ ቅጹ ስለ መኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም። ብዙዎቻችን በይሉኝታ ሳንሞላ እንቀራለን፤ ለድሀ ልጆች ተብሎ የሚመደበው ተጨማሪ ገንዘብ ግን የሚሰላው በተቆጠሩት ልጆች ነው። ያልተቆጠረ ልጅ መምህር አያስቀጥርም።

የእኛ ረድፍ የለም ማለትዎም አንጀቴን በልቶታል። እዚህ ተወልዶ ሁለቱም ወላጆቹ ሐኪም የሆኑ ልጅና ከሱዳን የስደተኞች መጠለያ ባለፈው ዓመት የመጣ ልጅ በአንድ ረድፍ ይቆጠራሉ፤ የራሳቸው የሆነ ረጅምና ከባድ ታሪክ ካላቸው ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ጋር ተደምረው አንድ አማካይ ይወጣላቸዋል፤ ያ አማካይ ከሦስቱ የአንዳቸውንም ሁኔታ አይገልጽም። በማርች 2024 የፌዴራሉ መንግሥት የዘር መጠይቁን ሲያሻሽል በጥቁር ምድብ ሥር ኢትዮጵያዊ የሚል ሳጥን ጭምር አካትቷል። እስከ ትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ በደረሰ ጊዜ ግን ሳጥኑን ባዶ እንዳንተወው አደራ።

አባት ከሮክቪል

ከላይ የተሰጡት መልሶች ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን ነገሩን ከሌላ ወገንም እንየው። አንድ ዓመት ሲወርድ አጋጣሚ ነው ብንል እንኳ፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለው የድህነት መጠን አጋጣሚ አይደለም፤ ከዓመት ዓመት ያው ነው። እርሱስ ለልጅ ለውጥ አያመጣም?

ይህ ጥያቄ በዚሁ በእኛ ካውንቲ ተጠንቷል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትልልቅ ሰፈር የሚሠሩ ድርጅቶች ከቤቶቹ የተወሰኑትን በቅናሽ እንዲያቀርቡ በሕግ ያስገድዳል፤ የካውንቲው የቤቶች ድርጅትም ከነዚህ ቅናሽ ቤቶች እስከ ሲሶው ድረስ ገዝቶ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የማከራየት መብት አለው። ቤተሰቦቹ የሚደለደሉት በዕጣ ስለሆነ ልጆቻቸው ሳይመርጡ በሀብታም ሰፈርም በድሀ ሰፈርም ትምህርት ቤት ገብተዋል። ሄዘር ሽዋርትዝ የተባለች ተመራማሪ 858 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ከ2001 እስከ 2007 ያሳዩትን ውጤት ተከታትላ በ2010 ባወጣችው ጥናት፣ ድህነት በቀለለባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሩት ድሆች ልጆች ድህነት በከበደባቸው ከተማሩት አቻዎቻቸው በልጠው አግኝታቸዋለች፤ በሰባተኛው ዓመት ላይ ድሀ ካልሆኑት ልጆች ጋር በሒሳብ የነበራቸውን ልዩነት በግማሽ፣ በንባብ ደግሞ በሲሶ አጥብበዋል። ልብ አድርጉ፣ ካውንቲው በዚያን ጊዜ ድህነት ለበዛባቸው ትምህርት ቤቶች ለእያንዳንዱ ልጅ 2,000 ዶላር ገደማ ጨምሮ እያወጣ፣ የተማሪውን ቁጥር በየክፍሉ እየቀነሰ ነበር።

እኔ ራሴ በዚያ የቅናሽ ቤት ፕሮግራም ዕጣ ደርሶኝ ነው ወደ ሮክቪል የመጣሁት። የድሮው ትምህርት ቤት መምህራን ደጎች ነበሩ፣ ልጄም ይወዳቸው ነበር፤ ሆኖም ከክፍሉ ልጆች ብዙዎቹ በዓመቱ መካከል ይመጡና በዓመቱ መካከል ይሄዱ ነበር። ኪራይ ሲጨምር ቤተሰቡ ይነቀላል። መምህሯ በየወሩ ከመጀመሪያው ትጀምር ነበር። ይህን የሚያሳይ ረድፍ ድረ ገጹ ላይ አልነበረም፤ ልጄ ግን በየቀኑ ይኖርበት ነበር።

የቁጥር ሰው

ወንድሜ፣ ያመጡት ጥናት ከባድ ማስረጃ ነው፤ የዕጣው ነገር ለአንድ ተመራማሪ ዕድሜውን ሙሉ የሚፈልገው ዓይነት ንጽጽር ነው። እህታችን ከመወሰናቸው በፊት ግን ሁለት ነገር ልጨምር። ትልቁ ጥቅም የታየው ከተማሪዎቹ ምሳ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚያገኙት ከ20 በመቶ በታች በሆኑባቸው ትምህርት ቤቶች ነው፤ ስለዚህ ድህነቱ 60 በመቶ ከሆነበት ወደ 45 በመቶ ለመዛወር ብሎ ቤት መልቀቅ ከዚህ ጥናት ድጋፍ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ልጆቹ በአንድ ቦታ ለዓመታት ከቆዩ በኋላ ነው። የቤቱ ኪራይ ከገቢያቸው ጋር የተመጣጠነ ስለነበር ቆይተዋል። የማይችሉትን ኪራይ ገብቶ በሁለተኛው ዓመት መልቀቅ ማለት እርስዎ አሁን የነገሩንን የመነቀል ችግር በራስ ልጅ ላይ ማምጣት ነው።

እናት ከዊተን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፋችሁን ለባለቤቴ አነበብኩለትና ባለፈው ሳምንት ቀጠሮ ይዘን ርእሰ መምህርቷን አነጋገርናት። ካውንቲው በአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያቀርብ እዚያው ነገሩን፤ ባለቤቴም ሐሳቡን በልቡ ሙሉ መናገር ቻለ።

የጠየቅነው እናንተ ያላችሁትን ነው። ካለፈው ዓመት የሦስተኛ ክፍል ልጆች መካከል ሰባቱ በዚያው የትምህርት ዘመን የመጡ መሆናቸውን፣ ከእነርሱም ሦስቱ ከፈተናው ጥቂት ሳምንታት በፊት መግባታቸውን ነገረችን። የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ዕድገታቸውን ስናይ ከሒሳቡ ይልቅ ንባቡ ደካማ ነው፤ እርሷም አልሸሸገችውም፣ በዚህ ዓመት የንባብ ማስተማሪያቸውን እንደ ለወጡ አስረዳችን። ስንት መምህራን ከአምስት ዓመት በላይ እንደ ቆዩ ስንጠይቅ፣ ከግማሽ በላይ ናቸው አለችን። በዓመቱ መካከል ስለሚመጡና ስለሚሄዱ ልጆች የሮክቪሉ ወንድማችን ያነሱትንም ጠየቅን፤ እውነት ነው፣ በእኛም ትምህርት ቤት ብዙ ናቸው።

በዚህ ዓመት አንለቅም። ባለቤቴ የቅናሽ ቤቱን ፕሮግራም ማመልከቻ ጀምሯል፤ ዕጣው ከደረሰን ያን ጊዜ እንሄዳለን፣ ከሄድንም ለመቆየት ነው። የምሳውን ቅጽ ሞልተናል። የቤት ቋንቋውን ቅጽ ግን ወደ ቢሮው ሄጄ ስጠይቅ፣ ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል እስክትደርስ ድረስ ያለ ችግር ስለተማረች አያስፈልግም የሚል መልስ ተሰጠኝ። ልጄ ጮክ ብላ ስታነብ ቃላቱን ሁሉ ትላለች፤ ያነበበችው ምን እንደ ሆነ ስጠይቃት ግን ትቸገራለች። ምን ላድርግ?

የኢሶል መምህርት

የነገሩኝን እርሱን ዓረፍተ ነገር፣ ታነባለች ግን ያነበበችውን መናገር ያቅታታል የሚለውን፣ በጽሑፍ አድርገው ለርእሰ መምህርቷና ለትምህርት ቤቱ የኢሶል መምህር ይላኩ። ቤት ውስጥ የምትሰማው አማርኛ መሆኑን፣ ቅጹ ሲሞላ በስሕተት እንግሊዝኛ ብቻ መባሉን፣ ማጣሪያውን እንድትፈተን መጠየቅዎን በግልጽ ይጻፉና ቀኑን ያስፍሩበት። በቃል የተጠየቀ ይረሳል፤ በጽሑፍ የተጠየቀ ግን መልስ ይፈልጋል። በአማርኛ ቢጽፉትም ያስተረጉሙታል።

እስከዚያው ማታ ማታ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ታንብብልዎት፣ ታሪኩን ግን በአማርኛ ትንገርዎት። በአማርኛ አሳምራ ከነገረችዎት ያነበበችው ገብቷታል፤ የጎደላት በእንግሊዝኛ መግለጹ ነው። በአማርኛም ካቃታት ችግሩ ከንባቡ ነውና ያንንም ለመምህሯ ይንገሩ። ለሁለቱ የሚሰጠው እርዳታ አንድ አይደለም፤ ሦስተኛ ክፍል ሳትገባ የትኛው እንደ ሆነ መታወቅ አለበት።